ጭጋጉ በቀኝ በኩል ነበር

ይህን ታሪክ በዩኒቨርሲቲው መመገቢያ አዳራሽ ለጓደኞቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። እናንተም ስቃችሁ አንብቡልኝ፤ የሚያስቅ ቦታ አለውና አልቀየምም። እኔ ግን ያቺን ሳምንት ባስታወስኩ ቁጥር መጀመሪያ ልቤ ድንግጥ ይላል፣ ሳቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስሜ ትሁን ነው። አሁን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ነገሩ የሆነው ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ወዴት እንደምመደብ እየጠበቅሁ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ነው። ያኔ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበርኩ አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ሰው ቅር እንዳይለው ስል ሁሉንም ነገር «እሺ»፣ «ልክ ነው»፣ «ጥሩ ነው» የምል ልጅ ነበርኩ። እናቴ ወጡ ጨው በዝቶበት «እንዴት ነው?» ብትለኝ «ይጣፍጣል» እላለሁ። አስተማሪ ሰሌዳው ላይ ተሳስቶ ቢጽፍ፣ ስህተቱን እያየሁ በደብተሬ እንዳለ እገለብጣለሁ። ጎረቤቶቻችን «ጨዋ ልጅ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ጨዋነት ይኸው መስሎኝ ነበር።

ቤታችን ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው በኩል ነው። አገሩ በቆሎ ይሰጣል፤ ይህንን ደግሞ ከርከሮም ያውቃል። በቆሎው እሸት ሲይዝ መንጋው ከገደሉ ይወጣና የአንድ ገበሬን የዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ያጠፋል። የከርከሮ ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ በእኛ ጎጥ አደን የሚወጣው ለማሳ ተብሎ ነው። ወንዶቹ ቀን ይቆርጣሉ፣ ጎህ ሲቀድ ጦርና ውሻ ይዘው ጥሻውን ይከባሉ። አንድ ሰው ከላይ፣ ትልቁ ቋጥኝ ላይ ቆሞ አውሬው በየት እንደወጣ እየተጣራ ይመራቸዋል። ታች ያለው ሰው በሣሩ ቁመት የተነሳ ምንም አያይም። ጦሩን የሚወረውረው ከላይ የተጠራውን አምኖ ነው።

ከሃያ ዓመት በላይ ቋጥኙ ላይ የቆሙት አባቴ ናቸው። ጋሽ አለልኝ ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ዓይናቸው ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አደን ላይ ግን አንድ ጉድ ሆነ። አባቴ ከላይ «ከርከሮ! ከዋርካው ሥር!» ብለው ተጣሩ። ፈንታሁን የሚባለው ጎረቤታችን በተጠራው አቅጣጫ ጦሩን ወረወረ። ጦሩ የአንዲት ጥቁር ላም ቀንድ ጭሮ አለፈ። ላሚቱ የማን ሆነች መሰላችሁ? የራሱ የፈንታሁን። ሌሊት በረቷን ጥሳ ወጥታ ነው።

ያን ሰሞን ያልሳቀ አልነበረም። ሴቶቹ ውኃ ስንቀዳ «ጋሽ አለልኝ ያዩት ከርከሮ ይታለባል አሉ» ይሉኝ ነበር። አባቴ «ጉም ነው» ብለው ተከራከሩ። ፈንታሁን ግን አልሳቀም። የቀጣዩ ዓመት አደን ሲቃረብም «ጉም ይሁን ሌላ፣ ያች ላም ሰው ብትሆንስ? ዘንድሮ ሌላ ሰው ይውጣ» አለ። የጎጡ ሰዎች ተከፋፈሉ። በመጨረሻ አባቴ «የሩቅ ማያ መነጽር እገዛለሁ። በመነጽር አይቼ ከተሳሳትኩ እኔው ራሴ እወርዳለሁ» አሉ። በዚህ ተስማሙ። አደኑ ለሰኞ ተቆረጠ።

መነጽር መግዛት ለእኔ የተሰጠ ሥራ ሆነ፤ ስልክ ያለኝና የተማርኩ እኔ ነኝና። አባቴ ትእዛዛቸው አጭር ነበር። «በሬ እንደምንገዛው ነው። ከገበያው ትልቁን አትግዢ፣ ቀልቦ አይዘለቅም። ትንሹንም አትግዢ፣ አያርስም። መካከለኛውን፣ እግሩ የቆመውን ነው።»

ሁለት ቀን ሙሉ አነበብኩ፣ በደብተሬም ጻፍኩ። መነጽር ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ይናገራል። ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት ነው፤ እሱ ሲሰፋ ብርሃን ብዙ ይገባል፣ ጎህ ሲቀድም ያሳያል። ያቺን ደብተር አሁንም አልጣልኳትም።

ሐሙስ ዕለት በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ገባን። ሰዓት፣ ባትሪና ራዲዮ የሚሸጡ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ነጋዴ ዘንድ መነጽር እንዳለ ሰምተን ነበር። ሱቃቸው ፎቅ አለው። አባቴ ገና እግራቸው ሳይገባ «ሐጂ፣ መነጽሩን በቀትር አላየውም። ፀሐይ ስትጠልቅ ከፎቅዎ ላይ ሁኜ ልየው» አሏቸው።

ሐጂ ኑሩ ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ። «ምነው ጌታው፣ የቀን ብርሃን ምን አደረገዎ?»

«ከርከሮ በቀትር አይወጣማ። በቅሎ እሚገዛ ሰው ዳገት ላይ ጋልቦ ነው እሚያያት።»

«እንግዲህ ሻይ እየጠጣችሁ ጠብቁ። ፀሐይን እንደሁ እኔ አላስቸኩላት» አሉ ሐጂ፤ ሁለቱ ሽማግሎች በዚህ ተዋደዱ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሦስት ዓይነት መነጽር ይዘን ፎቁ በረንዳ ላይ ወጣን። ከታች የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ወዲያ ኮረብታ ይታያል። መጀመሪያ ትንሿን፣ በኪስ የምትታጠፈዋን አነሱ። «ጨለመብኝ። ይህች ለልጃገረድ መኳኳያ ትሆናለች» ብለው መለሷት። ቀጥለው ትልቁን፣ ሃያ በሃምሳ የተጻፈበትን። «ኧረ ሐጂ፣ ኮረብታው ይንቀጠቀጣል።» እኔም ደብተሬን ገልጬ፣ በጣም የሚያቀርብ መነጽር የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ እንደሚያጎላ አስረዳሁ። ሐጂ «ይች ልጅ ሱቁን ትረከበኝ» አሉ።

ሦስተኛው መካከለኛው ነበር፤ ስምንት በአርባ ሁለት። እኔ ቀድሜ አየሁበት። ኮረብታው ላይ አንድ ሰው አህያ እየነዳ ሲወርድ፣ የጭነቱ ገመድ እንኳ ይታያል። ደስ ብሎኝ ለአባቴ ሰጠኋቸው። ብዙ ቆዩበት። ከዚያ አወረዱትና በነጠላቸው ጠረጉት።

«ሐጂ፣ ይኸ መነጽር የታመመ ነው። የቀኙ ቱቦ ጭጋግ ገብቶበታል።»

ሐጂ ኑሩ ወስደው አዩበት። የቀኙን ቀለበት አሽከረከሩና መለሱላቸው። «አሁንስ?»

«ያው ነው።» አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ትሁን፣ አንችም እስኪ እዪው። ጭጋግ የለበትም?»

አየሁ። ጭጋግ የለም። የአህያዋ ጆሮ ሳይቀር ይታያል። የአባቴን ፊት ሳይ ግን ምላሴ እንደለመደው ሄደ፤ «አዎ አባ፣ ትንሽ አለበት» አልኩ።

ሐጂ ወርደው ሌላ ካርቶን ይዘው መጡ፤ ያው ዓይነት፣ አዲስ። አባቴ አዩ። «ይኸም ቀኙ ታሟል።» ሦስተኛ ካርቶን መጣ። ሐጂ በዚያ ዕድሜያቸው ደረጃውን ሲወጡ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። «ይኸም» አሉ አባቴ፤ አሁን ድምፃቸው ቀዝቀዝ ብሏል። ሐጂ ኑሩ እኔን ብቻ አዩኝ። ያ አስተያየት ቁጣ አልነበረበትም። እንደዋሸሁ ግን አውቀውታል። ፊቴን እሳት የነካው መሰለኝ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሦስት መነጽር፣ ሦስቱም በቀኝ በኩል ብቻ፣ ሦስቱም ለአባቴ ብቻ። ዝም ልበል አልኩ፤ መነጽሩን ትተን እንሂድ፣ አባቴም «የፍኖተ ሰላም መነጽር አይረባም» ብለው ለሰዎቹ ይንገሩ። ከዚያ ሰኞ ይመጣል፤ አባቴ ቋጥኙ ላይ ይወጣሉ፤ ከታች ሰው ጦር ይዞ ድምፃቸውን ይጠብቃል።

«አባ» አልኩ፣ «እስኪ ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጠው ይዩልኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ሲገለበጥ የቀኙ ቱቦ ወደ ግራ ይዞራል። ጭጋጉ ከመነጽሩ ከሆነ በግራ ዓይንዎ ነው የሚታይዎ።»

ገለበጡት። አዩ። ከታች የባጃጅ ድምፅ ይሰማል።

«ጭጋጉ በየት በኩል ነው አባ?»

«በቀኝ።»

አወረዱት፣ እንደገና አቀኑት፣ እንደገና ገለበጡት። ከዚያ መነጽሩን ትተው ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ኮረብታውን አዩ። መዳፋቸውን ወደ ግራ ዓይናቸው አዛወሩ። እኔ የምይዘው አጥቼ የበረንዳውን ብረት ያዝኩ።

«የላሟም ነገር ጉሙ አልነበረማ» አሉ በመጨረሻ፣ በቀስታ።

ሐጂ ኑሩ ወንበር አቀረቡላቸው። «ጌታው፣ ይኸ የዓይን ሞራ ነው። እኔ ሁለቱንም ዓይኔን ገፍፈውኛል። ከዚያ በፊት ደንበኛዬን ከበር መቀርቀሪያ አልለይም ነበር። ለበር መቀርቀሪያ ሰላምታ ሰጥቻለሁ፣ በአላህ ስም።»

አባቴ ሳይወዱ ሳቁ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ከእንባዬ ጋር ግን ያስጨነቀኝን አወጣሁት። «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጭጋግ አይታየኝም ነበር። ለአባቴ ብዬ ነው።»

«አውቄያለሁ ልጄ» አሉ። «ኋላ አገላብጠሽ አረምሽው እንጂ።»

አባቴ ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሐጂ፣ ያን መጀመሪያ የታመመ ያልኩትን ስጡኝ። ስሙን አጥፍቼዋለሁና እሱን ነው እምገዛ።»

በማግስቱ ጠዋት እዚያው ከተማ ሆስፒታል ታየን። ሐኪሙ የቀኙ ሞራ እንደበሰለ፣ የግራውም እንደጀመረ ነገራቸው፤ በጥር እንዲመጡ ቀጠራቸው። ቀላል ነው ብሎ አጽናናን። ችግሩ ጥር ሩቅ ነው፣ ሰኞ ግን ቅርብ።

ወደ ቡሬ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ፣ ማንኩሳ ሳንደርስ፣ አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ይኸን ነገር እናትሽም አትስማ። ሰኞ እንደወትሮው እወጣለሁ። የግራው ዓይኔ በመነጽር ይበቃኛል። እንዲያው አንች ዝም በይ። እሺ?»

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። በዕድሜዬ ለአባቴ ሌላ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

«አይሆንም አባ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ትናንት አንድ ጊዜ ብዋሽ ሐጂ ሌላ ሁለት ካርቶን ከፈቱ። ሰኞ ከታች ያሉት ካርቶን አይደሉም።»

አባቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ማንኩሳን አለፍን። ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እንዳሉት ይሁን» ለማለት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ እንደዘጋሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን አላልኩም።

ቡሬ ወርደን ከከተማው ወጥተን በእግር ጉዞ ጀመርን። አንድ ጉብታ ላይ ስንደርስ ቆሙ። መነጽሩን ከአንገታቸው አውጥተው አንገቴ ላይ አጠለቁት።

«በይ፣ ያ ወዲያ ማዶ እሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው?»

አየሁ። «ጥቁር ነገር ነው አባ።»

«ጥቁር ነገርማ እኔም አየሁ፤ በጥቁር ነገር ነው የተዋረድኩ። እንዴት ነው እሚሄደው? አንገቱስ?»

እንዲህ ተጀመረ። እስከ እሑድ ማታ ድረስ እኔ አያለሁ፣ እሳቸው ይጠይቃሉ። ጥጃ ሲሮጥ ጭራውን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ ጫፉ ግን ይወዛወዛል። አህያ ጆሮዋ ይቀድማታል። ከርከሮ ሲሮጥ ጭራው እንደ ችካል ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ጭራውን ሳታዪ ስም አትስጪው» አሉኝ። እናቴ ከጓዳ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ስትል አባቴ ራሳቸው ሁሉን ነገሯት። እሷም «እኔማ ድሮ፣ የጓሮውን ጉቶ እንግዳ ነው ብለው ‹ግባ› ያሉት ቀን አውቄያለሁ» አለች። ሳቃችን ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ወንዶቹ ከቋጥኙ ሥር ተሰበሰቡ። እኔ ከአባቴ ኋላ ነጠላዬን ተከናንቤ ቆሜያለሁ። ፈንታሁን ጦሩን ተደግፎ «ጋሽ አለልኝ፣ መነጽሩ ወተትና ከርከሮ ይለያል?» ብሎ ጀመረ። ሰው ሳቀ።

አባቴም ሳቁና እጃቸውን አነሱ። «ስሙኝ። ቀኝ ዓይኔ ሞራ ለብሷል። አምና ላምህ ላይ ጦር ያስወረወርኩህ እኔ ነኝ እንጂ ጉሙ አይደለም። በጥር እገፈፋለሁ። ዛሬ ዓይን እሚሆነኝ ትሁን ናት። እሷ ታያለች፣ እኔ አገሩን አውቀዋለሁ፣ ድምፁም የእኔ ነው። ካልተስማማችሁ እወርዳለሁ።»

የፈንታሁን ሳቅ ከፊቱ ጠፋ፤ እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቀም። አያ ስማቸው የሚባሉ ሽማግሌ ግን ጥቁር ብርድ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው «ሴት ልጅ አደን ደንጊያ ላይ ወጥታ አታውቅም። አውሬው አይቀናንም» አሉ።

ሁሉም ፈንታሁንን አየ፤ ነገሩን ያነሳው እሱ ነውና። ፈንታሁን ጦሩን ከመሬት ነቀለ። «እንዲህ ደፍሮ ከሚናገር ሰው ጋር ሁኜ አውሬው ባይቀናኝም ግድ የለኝ። ይውጡ» አለ።

ቋጥኙ ላይ ሆኜ አገሩ ከእግሬ በታች ተዘረጋ። ብርሃኑ ገና አመድ ይመስላል፤ በባዶ ዓይን ጥሻውና መሬቱ አይለይም። በመነጽሩ ግን ይለያል። ውሾቹ ጮሁ። ከዋርካው በስተግራ ሣሩ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ዝቅ ብሎ አየሁ።

«አለ አባ። ጥቁር ነው። ዝቅ ብሏል።»

ከታች ፈንታሁን «የታለ? ልወርውር?» ይላል። ቃሌን የሚጠብቅ ስንት ሰው እንደሆነ አሰብኩ። ከርከሮ ነው ብል ሁሉም ደስ ይለው ነበር።

«ጭራውስ?» አሉ አባቴ።

«አላየሁም። አላወቅሁትም።»

«ጦር እንዳይነሳ!» ብለው አባቴ ተጣሩ፤ ያ ድምፅ ገደሉን ሞላው። እኔ መነጽሩን ሳልነቅል ጠበቅሁ። ጥቁሩ ነገር ትንሽ ቀና አለ። ብርድ ልብስ ነው። አያ ስማቸው ናቸው፤ ከመስመራቸው ወጣ ብለው ለሽንት ቁጢጥ ብለዋል።

«ሰው ነው አባ… ቁጭ ብለው ነው… ለ…» አልኩ፣ አፍሬ መጨረስ አቃተኝ።

አባቴ ገብቷቸዋል። «ሰው ነው! ጨርሶ እስኪነሳ ጠብቁት!» ብለው አወጁ።

ሳቁ ከአራቱም አቅጣጫ ተነሳ። ያን ቀን ከርከሮ ያልሸሸው እንዴት እንደሆነ እስካሁን ይገርመኛል። በዚያው ሳቅ መካከል ግን ከጥሻው አናት ላይ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ጭራ ቀጥ ብሎ ሲሮጥ አየሁ።

«ጭራ! አምስት! ከዋርካው በላይ፣ ወደ ቀኝ!»

«ወደ ውኃው ነው እሚወርዱ። ፈንታሁን፣ ከሾላው ሥር ቁም! መጡልህ!»

አንደኛውን ፈንታሁን ጣለው። ሌሎቹ ገደሉን ተሻግረው ጠፉ፤ በዚያ ዓመት በእኛ በኩል አልተመለሱም። በእኛ አገር የጣለ ሰው ሲፎክር ከራሱ ስም በፊት ዓይን የሆነውን ሰው ይጠራል። ፈንታሁን ጦሩን እየነቀነቀ ዘለለ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ «የትሁን! የአለልኝ!» አለ። የእኔ ስም ቀደመ። አባቴን ዞሬ አየኋቸው፤ እያለቀሱ ነበር፣ ግን «ነፋሱ ነው» አሉኝ። ይህችን አንዲቷን ተውኩላቸው።

አያ ስማቸው ሲመለሱ አጠገቤ ቆሙ። «ልጄ፣ እንዲያው ያ መነጽር ስንት እጥፍ ነው እሚያቀርበው?» አሉኝ። «ስምንት» አልኳቸው። ብርድ ልብሳቸውን ሰብስበው ሄዱ።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቼ፣ መነጽር ልትገዙ ካሰባችሁ ምክሬ መካከለኛውን፣ የፊቱ መስታወት ሰፊ የሆነውን፣ ደግሞም በምትጠቀሙበት ሰዓት ብርሃን አይታችሁ ግዙ ነው። ሌላው ምክር ግን እንደ እኔ ላለው ሰው ነው፤ ለሰው ደስታ ሲል ያላየውን ጭጋግ «አየሁ» ለሚለው። እኔ ለአባቴ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። በእርግጥ ያሰብኩት ለራሴ ነው፤ ፊታቸው ሲከፋ እንዳላይ። አሁን ክፍል ውስጥ ያልገባኝን አልገባኝም እላለሁ፣ ጓደኛዬ ስትሳሳት እነግራታለሁ። ሁልጊዜ አይወደድልኝም። አንዳንዴ ከተናገርኩ በኋላ፣ እንደዚያ ሚኒባስ ውስጥ፣ «እንዳሉት ይሁን» ማለት ያምረኛል። ግን እንደሚያልፍ አውቄያለሁ።

አባቴ በጥር ቀኙን ተገፈፉ። ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያሉት «እናትሽ ሸብታለች እንዴ?» ነው፤ እናቴ ሁለት ቀን አኩርፋለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደወሉልኝ። በቆሎው እሸት እየያዘ ነው። ሰዎቹ ተሰብስበው «ጋሽ አለልኝ፣ ዓይንዎ ድኗል፣ ዘንድሮ ብቻዎን ይውጡ» አሏቸው አሉ።

«ምን አሏቸው አባ?»

«ከእንግዲህ ደንጊያው ላይ እሚወጣ ሁለት ሰው ነው አልኳቸው። አንዱ ሲያይ አንዱ እሚጠይቅ። ፈንታሁንም ደግፎኛል። ለሚቀጥለው ሰኞ ቆርጠነዋል፤ ትደርሻለሽ?»

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ማክሰኞ ነው። እንደዚያው ነገርኳቸው፤ ልመጣ አልችልም አልኩ።

«እንግዲያው በሳምንት እንገፋዋለን» አሉ። «ከርከሮዎቹን እኔ ራሴ እለምናቸዋለሁ።»